ማማሰያ ይዛ የቆመችው ሴት

መካነ ሰላም
ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፣

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ። እንደምን ከረምሽልኝ? ጾሙ አልከበደሽም? ያ እንቅልፍ የሚነሳሽ ጆሮሽስ ተሻለው ወይ? በብርድ ጊዜ ነጠላ ጣል ሳታደርጊ አትውጪ፤ ዛሬም እንደ ሕፃን ትመክረኛለች ብለሽ አትሳቂብኝ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ላሟ በሆሳዕና ሳምንት ወለደች፤ ጥጃዋ ሴት ናት፤ ኃይለኛ ናት፤ ገመድ አይበቃትም። በልጉ ዘንድሮ አልከፋም። መስመሩ ቁልቁል ቢወርድብሽ የጠረጴዛው እግር አጥሮ ነው እንጂ እጄስ ቀንቷል።

ስልኩ ከጠፋ አንድ ወር አለፈው። ቢኖርም ለዚህ ነገር አይሆነኝም። ስትደውይልኝ ልነግርሽ አፌን እከፍትና «እናንተ ዘንድ ዘነበ ወይ?» ብዬ እዘጋዋለሁ። ስንት ጊዜ ስለ ዝናብ እንደጠየቅሁሽ አንቺም ሳታስተውይው አልቀረሽም። አሁን ግን ጊዜ የለኝም። አበቡ ነገ ጠዋት በደሴው አውቶቡስ ትሄዳለች፤ ከደሴ ወንድሟ ተቀብሎ አንቺ ዘንድ ያደርስልኛል። ስለዚህ ዛሬ ሳይመሽ መጨረስ አለብኝ። አንቺ እዚህ ትምህርት ቤት ለግንቦት ሰባቱ ንባብ መንገድ ከመግባትሽ በፊት ይህ ካልደረሰሽ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ጽፈሽ የሣልሽውን አዲሱን መጽሐፍሽን ያመጣችልኝም አበቡ ናት። የወረኢሉ ልጅ ናት፤ እዚህ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች፤ እኔንም ከሌሎች አሮጊቶች ጋር ከሰዓት በኋላ ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። የመጀመሪያው ቀን «ሀ በሉ» ስትለን እኔ እስከ ፐ ድረስ ሳልተነፍስ ወረድሁት። ደንግጣ «ታዲያ እርስዎ ምን ሊሠሩ መጡ?» አለችኝ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ አንዷን ፊደል አመልክታ «ይህቺስ ማን ናት?» ስትለኝ አላወቅኋትም። ሠላሳ ስምንት ዓመት አባትሽ በደጄ የሰው ልጅ ሲያስተምር፣ እኔ ለሰባ ተማሪ ቆሎ ስቆላ፣ ድምፃቸውን ስሰማ ኖርሁ እንጂ መልካቸውን ያሳየኝ የለም። አንድ ጊዜ አስተምረኝ ስለው «ደግሞ አንቺ ልትቀድሺ ነው?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሁለተኛ አልጠየቅሁትም። ይህን ቂም እስከ ቀብሩ ድረስ ይዤው ሄጃለሁ፤ አልዋሽሽም።

ስለዚህ መጽሐፍሽን በጣቴ እየተከተልሁ፣ ሠላሳ ሁለት ገጽ ለአራት ቀን አነበብሁ። ከዚህ በፊት የላክሻቸውን፣ የንግሥተ ሳባ ግመሎች ዕጣን ተጭነው እስከ ኢየሩሳሌም ሲያስነጥሱ የሚሄዱበትንና የአክሱም ጠራቢዎች የሐውልቱ የቱ ጫፍ ወደ ላይ እንደሚሆን የሚጨቃጨቁበትን፣ አንብቤ ስቄአለሁ። የዚህኛው ግን ባሰ። ሰው ንጉሥ ሳይኖረው በፊት አገር ይገዛ ነበር የሚባለው ያ ዘንዶ፣ በየቀኑ ልጃገረድ የሚገበርለት አርዌ፣ እኔ በልጅነቴ ከእናቴ ስሰማው ሦስት ቀን ደጅ መውጣት አስፈርቶኛል። አንቺ ምን አደረግሽው! ከርዝመቱ የተነሣ ጭራው ላይ ዝንብ ስታርፍ ጭንቅላቱ የሚሰማው በማግሥቱ ነው። መልእክተኛው ስንቅ ቋጥሮ፣ በቅሎ ጭኖ፣ ከጭራው ወደ ጆሮው ሲጓዝ ሆዱ አጠገብ ያድራል፤ የንጉሡ ሆድ ሲያጉረመርም በቅሎዋ ትበረግጋለች። ዘንዶው በልቷት እንዲሞት መርዝ ያጠጧት ፍየል ደግሞ በትሕትና እጅ ነሥታ «ጃንሆይ፣ እኔን ከመብላትዎ በፊት ቢያስቡበት ይሻላል» ትለዋለች። ብቻዬን ተቀምጬ ሳቅሁ። ጎረቤት አብዳለች ይላል ብዬ አፌን በነጠላዬ ያዝሁ።

ከዚያ አሥራ ሰባተኛው ገጽ ላይ ደረስሁ። ደብተራው እናትየዋን አታልሎ ልጅቷን ወደ ዘንዶው ሲወስድ፣ እናትየዋ ነቅታ፣ ወጥ የምታማስልበትን ማማሰያ እንደያዘች ተራራውን ወጥታ፣ የዘንዶውን አፍንጫ ትለዋለች። ተመትቶ የማያውቀው ንጉሥ እንባው ወንዝ እስኪሞላ ያለቅሳል። ሴትየዋ አንገቷ ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት አላት። ግንባሯ ላይ በግራ በኩል ጠባሳ አላት። መስተዋት አውጥቼ አየሁ። እኔ በዕድሜዬ ሰው ሥሎኝ አያውቅም፤ መታወቂያዬ ላይ ያለው ፎቶ እንኳ የሌላ ሰው ይመስላል። ደስ አለኝ ብልሽ ታምኚኛለሽ? ለአንድ ቀን ያህል ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ኸዲጃ መጣች። መቼም አትረሻትም፤ አጥር የምትጋራን፣ በቆሎ እሸት ትሰጥሽ የነበረችው ኸዲጃ ናት። ሥዕሉን እንዳየች «ወላሂ አንቺው ነሽ! ያውም አሳምራ! ወገብሽ ቀጥ ብሏል፤ ሐኪሙ ያላቀናውን ልጅሽ አቀናችው» ብላ አሳቀችኝ። ማንበብ ስለማትችል ጽሑፉን እኔ አነበብሁላት። ስጨርስ መሬት መሬት አየች። ከዚያ ጉልበቴን ነካ አድርጋ «አብሽሪ» አለችኝ። ምን ሆንሁ ብዬ አልነገርኋትም እኮ። በዚያ በሰርግሽ ቀን ድንኳኑን አብራኝ የተከለች እሷ ናት።

ፋሲካ ዕለት ደግሞ ከቅዳሴ ስንወጣ እናኑ፣ የቄስ ንጉሡ ሚስት፣ ሰው እየሰማ «ሁለት ዐይን ሰጠችሽ አሉ! ሠዓሊ ሲቸር እንዲህ ነው» አለችኝ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ይህ ነገር አዲስ አበባ ላሉት አይገባቸው ይሆናል፤ አንቺ ግን ታውቂዋለሽ። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ጻድቅ ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ በሁለት ዐይኑ ያያል፤ ከሐዲና ዲያብሎስ ግን በጎን ነው የሚሣሉት፤ አንድ ዐይን ብቻ ነው ያላቸው። ፊደል ያላየን ሰዎች የምናነበው ያንን ነበር። የተማረውም ያልተማረውም መጽሐፍሽን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያየው ማን ስንት ዐይን እንዳለው ነው። እኔ በገባሁበት ገጽ ሁሉ ሁለት ዐይን አለኝ። መነጽሩን በክር ያሰረው፣ ልጅቷን ለአንድ ጋን ማር የሰጠው ደብተራ ግን ሁልጊዜ በጎን ነው። መነጽሩን በክር የሚያስር ሰው በዚህ አገር አንድ ብቻ ነበር። ቄስ ንጉሡ ከአባትሽ እግር ሥር ሰባት ዓመት የተማረ ነው፤ መጽሐፉን አየና ለሚስቱ «የኔታ እኮ ማር አይወዱም ነበር» ብቻ አለ አሉ። ከዚያ ወዲህ እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይራል።

የባሰው ያለፈው ቅዳሜ ነው። ይሄነው መጣ። አዎ፣ የከላላው ይሄነው፣ የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት በጥር የዳርንሽ ሰው፤ አሥራ አንድ ቀን ቤቱ ቆይተሽ በጭነት መኪና ወደ ደሴ ያመለጥሽው። ገበያ መጥቶ ነበር። ደጅ ቆሞ «ቤቶች» ሲል በድምፁ አላወቅሁትም፤ ፀጉሩ ሸብቷል። መደቡ ላይ ተቀምጦ ከፌስታል ውስጥ መጽሐፍሽን አወጣ። ልጁ ሉሊት ሦስተኛ ክፍል ናት፤ እዚህ እኅቱ ዘንድ ሆና ትማራለች፤ በመጣ ቁጥር አንብብልኝ ትለዋለች።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለኝ። «ዘንዶው እኔ ነኝ እንዴ?»

በዚያ ሁሉ ጭንቄ መሐል ሳቄ መጣ። ረጅም ሰው አይደል፤ እግሩን የሚያደርግበት አጥቶ እስከ በሩ ዘርግቶታል። «አንተማ ምን ዘንዶ ይወጣሃል» አልሁት።

«እኔም እኮ ሃያ አልሞላኝም ነበር» አለ። «ሙሽራዋ የሌላ ሰው ሰርግ መስሏት እንደሆነ ማን ነገረኝ? በቅሎው ላይ ስታለቅስ የሙሽራ ወግ ነው ብዬ ነው።» ከዚያ አሥራ ሰባተኛውን ገጽ ገለጠና ጣቱን ማማሰያው ላይ አደረገ። «ይህንን ግን አላስታውሰውም፣ እማማ። ማማሰያ ይዘው ነበር፤ እሱስ እውነት ነው። የሰርጉን ወጥ ሲያማስሉ ነበር።»

አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሲወጣ «የንባቡ ዕለት ሐሙስ ሉሊትን ይዤ እመጣለሁ። እኔ ምንም አልናገርም፤ እሷ ግን የማትጠይቀው የለም» አለኝ።

አበቡ ይህን ሁሉ አታውቅም። የሌላ አገር ልጅ ናት። በትምህርት ቤቱ በር ላይ ስምሽን በትልቁ ጽፋ ለጥፋለች፤ ልጆቹ ዘንዶውን በካርቶን እየሠሩ ነው፤ ሁለት ክፍል ሞልቶ ጭራው ደጅ ወጥቷል። እኔን ደግሞ ከፊት ልታስቀምጠኝ ነው። «ልጅዎ ያቺን ገጽ ስታነብ እርስዎ ማማሰያ ይዘው ብድግ ይላሉ፤ ልጆቹ ያጨበጭባሉ» አለችኝ። እንቢ ስላት «አይፈሩ፤ ማማሰያውን እኔ አመጣለሁ» አለች። ማማሰያ የቸገረኝ መስሏት። አስቢው እንግዲህ፣ ልጄ። ያ ሁሉ ሕፃን ሲያጨበጭብ፣ ከኋላ ኸዲጃ፣ እናኑ፣ ቄስ ንጉሡ፣ ይሄነው ቁጭ ብለው ሲያዩኝ፣ አንቺ ደግሞ ምንም ሳታውቂ እየሳቅሽ ስታነቢ። ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው።

አባትሽ ከሞተ በኋላ፣ ፊደሉን እንደጨረስሁ፣ የዳዊቱን ማኅደር ከፈትሁ። ደብዳቤዎችሽ እዚያ ነበሩ፤ ዘጠኝ ናቸው። እያንዳንዱ በመጣ ጊዜ ያነበበልኝ እሱ ነው። «ደህና ነኝ ትላለች። ትምህርት ገባሁ ትላለች። ሰላም በሉልኝ ትላለች።» እንዲህ አሳጥረሽ የምትጽፊው በቂም ነው ብዬ እኔም ቂም ያዝሁብሽ። መልሱንም እሱ በእኔ ስም ይጽፍልሽ ነበር፤ «ምን ልበልልሽ?» ይለኛል፤ እኔም «ደህና ነን በላት» እለዋለሁ።

የመጀመሪያውን ራሴ ለማንበብ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። መጨረሻው ላይ «እምዬ፣ የእኔ ሰርግ መሆኑን አውቀሽ ነበር ወይ? ይህን ብቻ መልሽልኝ» ይላል። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ከዚያች ጥያቄ በቀር አንድም ቃል የለበትም። አራተኛው ላይ ግን «የላክሽው ደረሰኝ። አንቺም እንደ እኔ ተታልለሽ እንደነበር፣ ምክሩ ሁሉ የአባዬ ብቻ እንደነበር፣ ራሱ በገዛ እጁ ጽፎታል። ሰው በራሱ ላይ ሐሰት አይጽፍም። ልቤ ባንቺ አረፈ። እሱን ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ዐይኑን አላየውም» ትያለሽ።

ልጄ፣ እንዲህ ብለህ ጻፍላት ያልሁት የለም። እንዲህ እንደጻፈም አልነገረኝም።

ያን ደብዳቤ ያነበበልኝን ቀን አስታውሳለሁ። «ልቧ አርፏል ትላለች» አለኝ። ሌላስ ስለው «ሌላ የለም» ብሎ ወረቀቱን አጠፈ። ውኃ አምጪልኝ አለኝ፤ ሳመጣለት ሳይጠጣው ወደ ተማሪዎቹ ወጣ። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ኖረ። ስለዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ አፉን አልከፈተም። ሲሞትም አልመጣሽም፤ እኔ በቀባሪ ፊት «እሷን ከምወልድ ድመት ብወልድ ይሻለኝ ነበር» እስክል ድረስ አንቺን ረገምሁ፤ ምን እንደምል እንኳ አላውቅም ነበር። ቄስ ንጉሡ እጄን ይዞ «ይተዉ፣ ይተዉ» ይለኝ ነበር። ምን ያውቅ ኖሯል?

እንግዲህ ጥያቄሽን ልመልስልሽ። አውቅ ነበር።

ድግሱን የአክስትሽ ልጅ የሰርካለም ሰርግ ነው ያልሁሽ እኔ ነኝ። አንቺ ደስ ብሎሽ ለራስሽ ሰርግ ሽንኩርት ስትልጪ ዋልሽ፤ እንባሽን በክርንሽ እየጠረግሽ ትስቂ ነበር። ፀጉርሽን የሠራሁት እኔ ነኝ። «ሚዜ ነሽ፤ ሚዜም በበቅሎ ይሄዳል» ብዬ ያወጣሁሽ እኔ ነኝ። አባትሽ «አምስተኛ ክፍልን ትጨርስ፤ እጇ ያማረ ነው፤ ይህን እጅ ለወፍጮ አልሰጥም» ሲለኝ፣ «የሰው ልጅ ስታስተምር ያንተ ቁሞ ቀር ትሁን?» አልሁት። ሦስት ቀን ተኳረፍን። ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ፤ ዝምታው ሲረዝም እኔ ከጓዳ ሆኜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ሰማኝ። ከዚያ ነው እሺ ያለው።

እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ነው የተዳርሁት፤ ማንም አልጠየቀኝም፤ ለአንቺ አሥራ ሁለት ብዙ መስሎኝ ነበር። መንገድ ላይ ይጠልፉሻል ብዬም ሠግቼ ነበር። ይህን ሁሉ ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ፤ ሐሰትም አይደለም። ግን ለምን በዚያ ጥር፣ ለምን እንዲያ እንዳጣደፍሁት ራሴን ስጠይቅ የሚታየኝ ሌላ ነው። ከቅዳሴ መልስ አባትሽ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ጣትሽን በጣቱ ይዞ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ ያስነካሽ ነበር። እኔ ቆሎውን እቆላለሁ። አንቺ ቀና ብለሽ «እምዬ፣ ይህቺን እወቂያት እስቲ!» ትይኛለሽ። ከዚህ በላይ አልጽፍም። አንቺ ሥዕል ታውቂያለሽ፤ የቀረውን አንቺ ሣይው።

ነይ አልልሽም፤ አትምጪም አልልሽም። ብትመጪ ከፊት አልቀመጥም፤ ማማሰያም አልይዝም፤ ለአበቡ ምክንያቱን ዛሬውኑ ራሴ እነግራታለሁ፤ ይህን ወረቀት ስሰጣት። ደንግጣ አልወስድም እንዳትለኝ ብቻ ፈራሁ። ብትቀሪም አልረግምሽም፤ ያን አፍ ዘግቼዋለሁ። ብትመጪ ግን ልጆቹ ምንም አላጠፉምና አንብቢላቸው። ዘንዶው የሚያለቅስበትን ቦታ ቶሎ አትለፊባቸው፤ ሉሊት እሱን ትወዳለች አሉ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ደብተራው በመጽሐፉ አሥራ አንድ ቦታ አለ፤ ቆጥሬዋለሁ። በአሥራ አንዱም በጎን ነው። ሁለተኛ ስታሳትሚው ፊቱን ወደ ሰው አዙሪለት። እኔን እንደወደድሽ አድርጊኝ።

የሥራሽን ፍሬ ያሳይሽ። መንገድሽን ያቅናልሽ፤ መጥፎ ሰውና ክፉ ቀን ዞር ይበልልሽ። እጅሽን አይያዝብሽ። ልጅ ብትወልጂ አንቺን የመሰለች፣ ጠያቂ፣ መልስ የማይነፈጋት ትሁንልሽ። ጆሮሽን በብርድ አታስመቺው።

እስከ ዛሬ በደረሱሽ ደብዳቤዎች ግርጌ ይህን ቃል የጻፈው የእኔ እጅ አልነበረም። የዛሬው የእኔ ነው።

እናትሽ